የኋላ ጎማዬ ጉዳይ

በዚህ በትምህርት ክፍላችን ቡለቲን ላይ ብዙ ጊዜ የምናነበው ስለ ፍቅር፣ ስለ ፈተናና ስለ ካፌው ሽሮ ነው። እኔ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ የሳይክል ጎማ፣ ያውም ስለ ኋለኛው ብቻ ነው። «ይሄም ይጻፋል እንዴ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ግን መምህሮቼ ይቅር ይበሉኝና ከዚህ ጎማ የተማርኩትን ያህል ከአንድ ሙሉ ሴሚስተር የተማርኩ አይመስለኝም።

በቅድሚያ ራሴን ላስተዋውቅ። የሦስተኛ ዓመት የመካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። የባሕር ዳር ልጅ ስለሆንኩ ከቤት እየተመላለስኩ ነው የምማረው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ78 ሲሆን፣ ይህ ታሪክ ሲጀምር ክብደቴ 112 ኪሎ ነበር። የክፍል ልጆች «ሲኖ» ይሉኛል፤ ሲኖትራክ ለማለት ነው። ስቄ አሳልፈዋለሁ። የሚያስቀው ግን ሁልጊዜ አይደለም።

አባቴን ያጣሁት ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ደም ግፊት እንዳለበት ያወቅነው ከወደቀ በኋላ ነበር። እሱም እንደኔ ግዙፍ ሰው ነበር። አምና መጋቢት ላይ ራስ ምታት አላስቀምጥ ሲለኝ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ለካችኝ፤ አላመነችም መሰለኝ ትንሽ አስቀምጣኝ ደግማ ለካችኝ። 150 በ95።

«ስንት ዓመትህ ነው?» አለችኝ።

«ሃያ አንድ።»

«ወንድሜ፣ እንግዲህ ሰውነትህን አንቀሳቅስ። ጨው ቀንስ። በየወሩም እየመጣህ ተለካ፤ እንዳትጠፋ!»

ቤት ገብቼ ለእማዬ ስነግራት ምንም አልመለሰችልኝም። ቡናዋን ጨርሳ ተነሳችና ከሳጥኗ ውስጥ በመሐረብ የታሰረ ብር አወጣች። ዕቁቧ የደረሳት በዚያው ሰሞን ነው። ያ ብር ለምን እንደሆነ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። ጣሪያችን ክረምት በገባ ቁጥር ሦስት ቦታ ያፈሳል፤ ቆርቆሮ ልትቀይርበት ነበር። «ጣሪያው ይደርሳል፤ አንተ ቅደም» አለችኝና እጄ ላይ አስቀመጠችው።

በዚያ ብር ያገለገለ ማውንቴን ሳይክል ገዛሁ። ባለ 26 ኢንች ጎማ፣ ባለ 21 ማርሽ፣ ቀለሙ ቀይ። ከቤታችን እስከ ኮሌጅ 6 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደርሶ መልስ 12። ከተማችን ሜዳ ስለሆነች ለሳይክል የተሠራች ናት ማለት ይቻላል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት እንደ ንጉሥ ነበር የምነዳው።

በአራተኛው ሳምንት ኮብልስቶኑ ላይ እየሄድኩ ከኋላዬ «ጧ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወርጄ ሳይ ከመሃል ወደ ቸርኬው ከሚወጡት ሽቦዎች አንዱ ተበጥሷል። ጎማው እንደ ሰካራም ወዲህና ወዲያ እየተወላገደ ፍሬኑን መንካት ጀመረ። አንድ ሠሪ ጋ ወሰድኩት፤ በአሥር ደቂቃ አዲስ ሽቦ ተካልኝና ሸኘኝ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ሁለተኛው ተበጠሰ። ከዚያ ሦስተኛው። አራተኛው ሲበጠስ ሠሪው ከላይ እስከ ታች አየኝና «አንተ ሰውዬ፣ ሳይክሉ ምን ያድርግ? አንተ እኮ ነህ የከበድከው!» አለኝ። አጠገቡ የተቀመጡት ልጆች ሳቁ። ከፍዬ ወጣሁ።

ግንቦት ላይ አንድ እሑድ ጠዋት በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን 380 ሜትር ርዝመት ያለውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻግሬ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ወጣሁ። አወጣጤስ ደህና ነበር፤ ግማሹን እየነዳሁ ግማሹን እየገፋሁ ደረስኩ። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ሲጠማዘዝ እያየሁ ውኃዬን ጠጣሁ። ስወርድ ነው ጉዱ የመጣው። የኋላ ጎማዬ አንድ ድንጋይ ሲመታ ሁለት ሽቦዎች ተከታትለው ተበጠሱ፣ ቸርኬው ስምንት ቁጥር ሠርቶ ተጣጠፈ፣ እኔም በክርኔ አፈር ላይ ተንሸራተትኩ። ከዚያ ሳይክሉን ትከሻዬ ላይ አድርጌ በእግሬ ተመለስኩ። መንገድ ላይ አንድ ሕፃን «እማ፣ እይው! ሳይክሉ ሰውየውን ጋለበው!» ሲል ሰማሁ።

እማዬ ክርኔን አጥባ አሰረችልኝ። «የኔ ልጅ፣ ይሸጥ በቃ። ሰባራም ቢሆን የሚገዛ አይጠፋም» አለች። «ጣሪያዬን እኮ ነው የሰጠሁህ» አላለችኝም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ክረምቱ ሊገባ ሦስት ሳምንት ቢቀረው ነው። «ሁለት ሳምንት ስጪኝ» አልኳት።

በዚያው ሳምንት የማሽን ዲዛይን ጥያቄ ስሠራ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሁላችሁም እንደምታውቁት ማንኛውንም ጥያቄ ስንጀምር መጀመሪያ የምንጽፈው «ጊቭን» የሚለውን ነው። ድልድዩ ላይ ይህን ያህል ቶን ያልፋል፣ ዘንጉን ይህን ያህል ኃይል ይጠመዝዘዋል ወዘተ። ጭነቱን ማንም አይወቅሰውም፤ ይሰላል እንጂ። «መኪናው ለምን ከበደ?» ብሎ መልስ የጻፈ ተማሪ ዜሮ ነው የሚያገኘው። ታዲያ እኔ ለምንድን ነው ሁለት ወር ሙሉ የተሰበረውን ትቼ ጭነቱን ስወቅስ የከረምኩት? 112 ኪሎ ጊቭን ነው። ነገ ሊቀንስ ይችላል፤ ዛሬ የሚሸከመኝ ጎማ ግን የዛሬውን ክብደቴን ነው መቻል ያለበት።

ስለዚህ ጭነቱን ለመለካት ተነሳሁ። ከአንድ የክፍል ጓደኛዬ ጋር ሰፈራችን ወዳለው ወፍጮ ቤት ሄደን የእህል ሚዛኑን አስፈቀድን። የኋላውን ጎማ ሚዛኑ ላይ፣ የፊቱን በቁመት እኩል እንዲሆን ብሎኬት ላይ አቆምንና እኔ ኮርቻው ላይ ወጣሁ፤ ጓደኛዬ ከጎን በጣቱ ጫፍ ያህል ደገፈኝ። ጤፍ ሊያስፈጩ የተሰለፉት እናቶች «ምን ሊሸጥ ነው?» እያሉ ሲስቁ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ሚዛኑ 78 ኪሎ አለ። አዙረን የፊቱን ስንለካ 49። ድምሩ 127፣ ማለትም እኔ 112 ሳይክሉ 15። እንግዲህ ከሸክሙ ከአሥር ስድስት እጁን የሚችለው የኋለኛው ነው። የፊቱ ሽቦ አንድ ቀን እንኳ ያልተበጠሰው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ብሬንም ሁለት ቦታ መበተን እንደሌለብኝ ተረዳሁ።

ቀጥሎ አንድ ዘመዳችን የጠቆሙኝ ገበያው አጠገብ የሚሠሩ ሽማግሌ ጋ ሄድኩ። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው፤ እኔም ጋሼ አልኳቸው። የተጣጠፈውን ጎማ ተቀብለው ስለ ክብደቴ አንድም ቃል ሳይናገሩ የቀሩትን ሽቦዎች በጣታቸው አንድ በአንድ መነካካት ጀመሩ፤ ልክ እንደ ክራር። አንዱ «ጢን» ይላል፣ ቀጣዩ «ዱም» ይላል፣ ሌላው ጭራሽ ድምፅ የለውም።

«ይሄ ጎማ አልተቃኘም» አሉ።

«እንዴት ጋሼ?»

«ስማው እንጂ። ግማሹ ተወጥሯል፣ ግማሹ ተኝቷል። አንዱ ሲበጠስ ያንኑ ብቻ እየቀየሩ አዲሱን ያጠብቁታል፤ የሌላውን ማንም አያየውም። ሁሉም እኩል ካልያዘ ምን ያህል ሽቦ ቢኖር ትርፉ ቁጥር ነው።»

ያኔ የጋሼን ቋንቋ ወደኛ ቋንቋ ለመመለስ ማንበብ ያዝኩ። ጆብስት ብራንት የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ሳይክል ጎማ ብቻ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳትሟል። ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ቀጭን ሽቦ መሳብ እንጂ መግፋት አይችልም፤ ከላይ ብትጫኑት ይታጠፋል። ስለዚህ ጎማ ሲሠራ ሽቦዎቹ በሙሉ አስቀድመው ይወጠራሉ። ሰው ሲቀመጥበት ቸርኬው መሬት የነካበት ቦታ በጣም በጥቂቱ ጠፍጠፍ ይልና እዚያ ታች ያሉት ጥቂት ሽቦዎች ውጥረታቸው ይቀንሳል። የሌሎቹ ብዙም አይለወጥም። ጎማው ሲዞር እያንዳንዱ ሽቦ በተራው ታች ደርሶ ይላላል፣ ወደ ላይ ሲወጣ መልሶ ይወጠራል።

አሁን ሒሳቡን ተመልከቱ። የ26 ኢንች ጎማ አንድ ዙር 2 ሜትር ከጥቂት ሳንቲም ነው። በ12 ኪሎ ሜትር ወደ 5,800 ዙር ማለት ነው፤ በ60 ቀን ወደ 350 ሺህ። እያንዳንዱ ሽቦ 350 ሺህ ጊዜ ላልቶ ተወጥሯል! ቀጭን ሽቦ በእጃችን ወዲህና ወዲያ ስናጥፈው ሞቆ እንደሚበጠሰው ሁሉ፣ ይሄም ቀስ በቀስ ይደክማል። ክፍል ውስጥ ፋቲግ እያልን የተማርነው ማለት ነው። የሚበጠሰውም ብዙ ጊዜ መሃል ላይ ካለው ሞዞ ጋር በሚገናኝበት፣ ዘጠና ዲግሪ በታጠፈበት አንገቱ ላይ ነው። የኔ የተበጠሱት ሁሉ እዚያው ናቸው።

ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ ይሄ ነው። እኔ «ቶሎ የሚበጠሰው የተወጠረው ነው» ብዬ ነበር የማስበው። እውነቱ ግን ብዙውን ጊዜ የላላው ነው። በደንብ የተወጠረ ሽቦ ታች ሲደርስ ውጥረቱ ይቀንሳል እንጂ አያልቅም። የላላው ግን ጭራሽ ዜሮ ይገባል፤ አንገቱ ቀዳዳው ውስጥ ይወዛወዛል፣ ከጫፉ ያለችው ትንሿ ዳዶም ቀስ በቀስ እየተፈታች ይብስበታል። ከባድ ሰው ሲቀመጥበት ደግሞ ከቀላል ሰው ይልቅ ቶሎ ዜሮ ይደርሳል። ለከባድ ሰው እንዲያውም ከፍ ያለና እኩል የሆነ ውጥረት ያስፈልጋል ማለት ነው። በእርግጥ ይሄም ልክ አለው፤ ከመጠን በላይ ከተወጠረ ቸርኬው በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ይሰነጠቃል።

በመሆኑም ከጋሼ ጋር ተመካክረን ጎማውን ከባዶ ለመሥራት ወሰንን። እንደኔ ከበድ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ይህን ክፍል ልብ ብላችሁ አንብቡልኝ፤ ብሬንና ክርኔን የከፈልኩበት ነው።

መጀመሪያ የሽቦ ቁጥር። የድሮው ጎማዬ 32 ሽቦ ነበረው። ዛሬ ዛሬ ክብደት ለመቀነስ ሲባል 28ም የሚሠራ አለ። እኛ 36 መረጥን። ብዙ ሽቦ ማለት አንዱ ታች ሲደርስ ጎረቤቶቹ ቅርብ ናቸው፣ ሸክሙን ይካፈሉታል ማለት ነው። አንዱ ቢበጠስ እንኳ ጎማው ቤት ያደርሳል። ጋሼ በልጅነታቸው ያዩአቸውን የእንግሊዝ ሳይክሎች አነሱልኝ፤ የፊቱ 32፣ የኋላው 40 ሽቦ ነበረው። «ፈረንጅ ሸክሙ የት እንዳለ ያውቅ ነበር» አሉ። ሁለት ሰው የሚጋልበው ታንደም ሳይክልም 40 እና 48 ሽቦ የሚደረግለት በዚሁ ምክንያት ነው። እኔ እንግዲህ የአንድ ሰው ታንደም ነኝ።

ሁለተኛ ቸርኬ። አሉሚኒየም ቸርኬ ሁለት ዓይነት ነው፤ ባለ አንድ ግድግዳና ባለ ሁለት ግድግዳ። መለየት ቀላል ነው። ጎማውንና ካላማዳሪውን አውጥታችሁ ውስጡን ያለበሰውን ፕላስቲክ ግለጡት። የሽቦዎቹ ራስ እዚያው ፊት ለፊት ከታየ ባለ አንድ ነው። በጥልቅ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ከታየ ባለ ሁለት ነው። ሁለቱ ግድግዳዎች እንደ ሳጥን ሆነው ይይዙታልና በቀላሉ አይጣመምም። የኔ የተጣጠፈው ባለ አንድ ግድግዳ ነበር። የቸርኬው የቀዳዳ ቁጥር ከሞዞው ጋር እኩል መሆኑን ቆጥራችሁ ግዙ፤ እኔ ሳልቆጥር ገዝቼ ለመቀየር ሁለት ጊዜ ተመላልሻለሁ።

ሦስተኛ ሞዞ። የድሮው ፒኞኑ በጥርስ የሚጠመዝበት ዓይነት ነበር። በዚህ አሠራር የቀኙ ኩሽኔታ ከፒኞኑ ውስጥ ወደ መሃል ርቆ ይቀመጣል። ከኩሽኔታው እስከ ሳይክሉ አካል ያለው ፔርኖ ያለ ድጋፍ ይቀራል። ጫፉ ላይ የተጫነ ረጅም ዘንግ ምን እንደሚሆን ለናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ፈተን ስናየው በእርግጥም ፔርኖው ጎብጧል። አዲሱ አሠራር ካሴት የሚባለው ሲሆን የቀኙን ኩሽኔታ ወደ ዳር ያወጣዋል። ሺማኖ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ይህን ዓይነት ሞዞ ማቅረብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። እኛ ከፈረሰ ሳይክል ላይ 36 ቀዳዳ ያለው ባለ ካሴት ሞዞ አገኘን። ኩሽኔታውን አጥበን ግሪስ ቀየርን። ሞዞው ለ8 ማርሽ የተሠራ ስለሆነ የ7ቱን ካሴት ለማስገባት የ4.5 ሚሊ ሜትር ቀለበት ከበስተኋላው ጨመርንበት።

አራተኛ ሽቦው ራሱ። ባለ ሱቁ «ላንተማ ይሄ ነው!» ብሎ በጣም ወፍራም ሽቦ አወጣልኝ። ልገዛው ትንሽ ነበር የቀረኝ፤ ወፍራም ለወፍራም ይስማማል ብዬ። ግን ወፍራም ሽቦ ብዙ አይለጠጥም። ብዙ ያልተለጠጠ ደግሞ ቸርኬው ትንሽ ገባ ሲል ቶሎ ይላላል። ቀዳዳውም ብዙ ጊዜ አይመቸውም። እንዲያውም ምርጥ የሚባለው ሽቦ ጫፍና ጫፉ 2 ሚሊ ሜትር ሆኖ ወገቡ 1.8 የሆነው ነው። ወገቡ ስለሚለጠጥ አንገቱ ያርፋል፤ ስለዚህ ከወፍራሙ ይልቅ ዕድሜ አለው። ማን ያምናል? እኔ እንኳ እሱን እዚህ አላገኘሁም። አንድ የክፍሌ ልጅ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ዝገት የማይነካው፣ ወጥ የሆነ 2 ሚሊ ሜትር ሽቦ አመጣልኝ። ርዝመቱን በትሪጎኖሜትሪ ያሰላሁት እኔ ነኝ። ፒኞኑ በቀኝ በኩል ቦታ ስለሚወስድ የግራና የቀኙ እኩል አይደለም፤ ቀኙ በ2 ሚሊ ሜትር ያህል ያጥራል። ጋሼ ወረቀቴን አይተው «ይሄን ሁሉ ጻፍክ?» ካሉ በኋላ በገመድ ለክተው ያንኑ ቁጥር ነገሩኝ!

አሮጌዎቹን ያልተበጠሱ ሽቦዎች መልሰን እንድንጠቀምባቸው ጠይቄያቸው ነበር፤ ለቁጠባ ብዬ። «እነሱም እኮ ከሞቱት ጋር ነው የዞሩት» አሉኝ። እውነት ነው። ሁሉም ያንኑ 350 ሺህ ዙር ቆጥሯል። ለካ ተራ እየጠበቁ ነበር።

ሥራው ሁለት ከሰዓት ፈጀ። እያንዳንዱ ሽቦ ሦስት ሌሎች ሽቦዎችን እየተሻገረ ወደ ጎን ተጋድሞ ይወጣል። እንዲህ ያለውን የተጋደመ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1874 በፓተንት ያስመዘገበው ጄምስ ስታርሊ የሚባል እንግሊዛዊ ነው፤ ፔዳል ስንረግጥ የሚመጣውን የመጠምዘዝ ኃይል ይችላል። ከዚያ ማጥበቅ ሆነ፤ ሩብ ዙር፣ ሩብ ዙር፣ ሁሉንም በእኩል። ጋሼ ጎማውን ገልብጠው በቆመው ሳይክል ላይ ያዞሩና ከፍሬኑ ጋር ያለውን ክፍተት ያያሉ። በመሃል በመሃል ሽቦውን በጣታቸው ይመቱታል። «ቀኙን ለብቻ፣ ግራውን ለብቻ ስማ። ቀኙ ይቀጥናል፣ ግራው ይወፍራል። ቀኝ ከቀኝ ግን አንድ ድምፅ ነው» አሉኝ። ይሄም በሒሳብ ልክ ነው። ቸርኬው መሃል ላይ እንዲቆም የቀኞቹ ከግራዎቹ የበለጠ መወጠር አለባቸው።

ሲያልቅ ጎን ለጎን ያሉትን ሁለት ሁለት ሽቦዎች በመዳፋቸው ጨምድደው ጭምቅ አደረጓቸው። «ቀጭ፣ ቀጭ» አለ። «ቦታ ቦታቸውን እንዲይዙ ነው፤ አሁን ይጩኹ፣ መንገድ ላይ እንዳይጮኹ» አሉ። ብራንትም በመጽሐፉ ይህንኑ አድርጉ ይላል። ጋሼ መጽሐፉን አላዩትም፤ ብራንትም ጋሼን አያውቃቸውም። ሁለቱም ግን አንድ ቦታ ደርሰዋል።

በመጨረሻ ላስቲኩን ከ1.95 ወደ 2.1 ኢንች አሳደግን። ላስቲኩ ሰፋ ሲል ብዙ አየር ስለሚይዝ ድንጋይ ሲመጣ ቸርኬውን ያድነዋል። ነፋሱን ሳትለኩ አትንዱ። የሚፈቀደው ከፍተኛ መጠን በላስቲኩ ጎን ላይ ተጽፏል። ከባድ ሰው በጎደለ ጎማ ከነዳ ቸርኬው ድንጋዩን በቀጥታ ይመታዋል፤ ያኔ 36 ሽቦም አያድነው።

ዋጋውን ስጠይቃቸው የተናገሩት ከጠበቅኩት ግማሽ ነበር። «ከሳምንት በኋላ አምጣው፤ አዲስ ጎማ ትንሽ ይላላል» ብለው አስጠነቀቁኝ። ወሰድኩት፤ አራት ሽቦ ሩብ ሩብ ዙር አጠበቁና ያለ ክፍያ ሸኙኝ።

ክረምቱ ገባ፤ ጣሪያችንም እንደ ልማዱ ሦስት ቦታ አፈሰሰ። ማታ ማታ ሳህኑ ላይ ጠብታው «ጢን፣ ጢን» ሲል እሰማዋለሁ። እማዬ ሳህኑን ስትቀይር ምንም አትልም። እኔ ደግሞ በነጋታው ዝናብም ቢሆን ሳይክሌን ይዤ እወጣለሁ። ሌላ የምከፍላት ነገር አልነበረኝም።

አሁን ኅዳር ነው። ጎማው ከተሠራ አምስት ወር አለፈው፤ ወደ 1,400 ኪሎ ሜትር ሄጄበታለሁ። አንድም ሽቦ አልተበጠሰም። ቤዛዊት ሁለት ጊዜ ወጥቼ በሰላም ወርጃለሁ። ክብደቴ 106 ደርሷል፤ ይሄ ያን ያህል የሚያስጨበጭብ አይደለም፤ ሲኖነቴ እንዳለ ነው። ባለፈው ወር ነርሷ ስትለካኝ 134 በ86 ሆነ። አሁንም ደግማ ለካችኝ። ወረቀቱን ለእማዬ አሳየኋት፤ ማንበብ ስለማትችል ቁጥሩን ነገርኳት። «ከአባትህ ያንሳል?» አለችኝ። «በጣም ያንሳል» አልኳት። ወረቀቱን አጥፋ ብሩ የነበረበት መሐረብ ውስጥ አስቀመጠችው። በትርፍ ሰዓቴ ጋሼ ጋ እየሠራሁ ለቆርቆሮው ማጠራቀም ጀምሬያለሁ፤ ለሚቀጥለው ክረምት ይደርሳል ብዬ አስባለሁ።

ባለፈው ሳምንት የጋሼ ደጃፍ ቁጭ ብዬ ቸርኬ ሳስተካክል አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ መጣ። ከኔም ይገዝፋል። ሳይክል ሊገዛ አስቦ ነበር፤ ግን አንገቱን ደፍቶ ነው የሚያወራው። «ወንድም፣ እኔን የሚችል ጎማ ይኖራል?» አለኝ። ያንን አንገት መድፋት አውቀዋለሁ።

«ይኖራል እንጂ! መጀመሪያ ግን ወፍጮ ቤት እንሂድ» አልኩት።

ምን ሊያስፈጨኝ ነው ብሎ ሳይሆን አይቀርም፣ ግራ ተጋብቶ ተከተለኝ። ቸር ሰንብቱ።